ሠላሳ ነጥብ፣ ዐሥራ ዘጠኝ መስመር

አባቴን የገደሏቸው በገዛ መቋሚያቸው ነው። የካቲት ነበር፤ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በጣሊያኑ ገዥ ላይ ቦምብ ተወረወረ በተባለ ማግስት። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ታጥፈው ጉለሌ ያለው ግቢያችን ሲገቡ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርጉት መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ሰዎቹ ሊመታን ነው ብለው ይሁን ወይም ሰበብ ሲፈልጉ አላውቅም፤ አንደኛው መቋሚያውን ነጥቆ አናታቸውን አላቸው። ሌላው የመንገድ ሥራ አካፋ ይዞ ነበር። እኔና አክስቴ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ቦይ ውስጥ በደረታችን ተኝተን ሁሉንም አየን። መቋሚያው ሁለት ቦታ እስኪሰበር ደበደቧቸው። ከዚያ የጎጆውን ክዳን ቤንዚን ረጭተው ለኮሱት። አክስቴ እንዳልጮህ አፌን በእጃቸው አፍነው ይዘውኝ ነበር። መዳፋቸውን እስኪደማ ነክሼ እንደነበር ያወቅሁት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቀብር የሚባል ነገር አላየንም። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሬሳ ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ ሲሄድ አክስቴ ነጠላቸውን አውልቀው አባቴ ላይ ጣሉት፤ ካሚዮኑ ከዓይን እስኪሰወርም ራሳቸውን ሳይሸፍኑ መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ።

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በቁጥር ማውጣት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ወንዶች ናቸው፤ ሴት ልጅ ከዚያ ጉባኤ አትቀመጥም። እኔን ያስተማሩኝ ቤት ውስጥ ነው። ከጉባኤ ሲመለሱ እግራቸውን ሳጥባቸው የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ ይደግሙልኛል፤ እኔም በእርጥብ ጣቴ እከተላቸዋለሁ። ስሳሳት አይቆጡም። "ከሥሩ ጀምሪ" ይሉኛል፤ ከሥሩ እጀምራለሁ።

ከዚያ ሁሉ ቁጥር ልቤን የወሰደው አበቅቴ የሚባለው ነበር። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ይረዝማል። ስለዚህ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ይጨመራል፤ ድምሩ ሠላሳ ካለፈ ሠላሳው ተጥሎ ትርፉ ይያዛል። መጀመሪያ ባዶ፣ ቀጥሎ ዐሥራ አንድ፣ ቀጥሎ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ዐሥራ አራት... እንዲህ ሲዞር ሲዞር በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙሩ ያልቃል፤ በመጨረሻው ብቻ ዐሥራ ሁለት ይጨመርና ሠላሳ ሞልቶ እንደገና ከባዶ ይነሳል።

ያ ክረምት አልፎ አዲሱ ዓመት ሲገባ አበቅቴውን አሰላሁት። ባዶ ሆነ። አሮጌው ዙር አባቴ በተገደሉበት ዓመት አልቆ ነበር። ይህ ምልክት ነው ብዬ አይደለም፤ አባቴ ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር፤ ቁጥር የሰው ሞት አይጠብቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ አላርፍ አለኝ።

እኔና አክስቴ በተቃጠለው ቤት ቦታ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ቀልሰን እንኖር ነበር። እኔ ጣሊያኖቹ ከሚያሠሩት አንድ ሕንፃ ላይ በቀን ሥራ ገብቼ የሲሚንቶ ከረጢት አራግፍ ነበር። ከረጢቱ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ነው፤ የተቀደደውን ይዛችሁ ሂዱ ይሉናል። ሌሎቹ ሴቶች እሳት ይለኩሱበታል። እኔ ሰፍቼ ዘረጋሁት። መሐሉ ላይ ምስማር ተከልኩ፣ በገመድ ክብ አዞርኩ፣ ክቡ ዙሪያ ሠላሳ ነጥብ አደረግሁ። ከላይኛው ነጥብ ተነሥቼ ዐሥራ አንድ ቆጥሬ ባረፍኩበት ላይ መስመር ሳብኩ፤ ከዚያ እንደገና ዐሥራ አንድ፤ የመጨረሻው ብቻ ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ዘጠኝ መስመር ሆኖ ወደ ተነሣሁበት ሲመለስ ከፊቴ አንዳች ነገር ተዘርግቷል፤ ኮከብም አይደለም፣ መስቀልም አይደለም፣ የሸረሪት ድርም አይደለም። ዐሥራ ዘጠኙ ነጥብ ተነክቷል፤ ዐሥራ አንዱ ሳይነካ ቀርቷል። ማንን እንደሚነካ ማንን እንደሚያልፍ እኔ አልመረጥኩም።

መስመሮቹ እርስ በርስ ሲቆራረጡ ብዙ ትንንሽ ክፍተት ይፈጠራል። ለዚያም ሕግ አወጣሁለት። ከውጭ ወደዚያ ክፍተት ለመግባት የምሻገረውን መስመር እቆጥራለሁ፤ ጎደሎ ከሆነ ቀይ፣ ሙሉ ከሆነ ጥቁር። ቀዩን ከጓሮ አፈር በእንቁላል አስኳል ለወስኩት፤ ጥቁሩን ከድስት ሥር ፋቅሁ። ስጨርስ አክስቴ መጥተው ቆሙ።

"ይህ ሥዕል ነው?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"የማን ሥዕል ነው? ቅዱስ የለበት፣ ሰው የለበት።"

"የአባባ ቁጥር ነው።"

ብዙ አዩት። "ያስፈራል" ብለው ወጡ። እውነታቸውን ነው። ቀዩና ጥቁሩ ሲፈራረቅ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ ዝም ብሎ የቆመ ወረቀት ሰውን የሚመታ ይመስላል። እኔም ያን ነበር የፈለግሁት። አንድ ብቻ ሳይሆን ደጋግሜ ሣልኩ፤ አንዳንዴ ከሁለተኛው ዓመት፣ አንዳንዴ ከሰባተኛው ተነሥቼ፣ አንዳንዴም ክቦቹን ደራርቤ። እስከ ኅዳር የቆርቆሮው ግድግዳ በሙሉ ሥዕል ለብሶ ነበር።

በኅዳር ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ የነበረ የጣሊያን መኪና ላይ ተተኮሰ። በማግስቱ ጉለሌን ቤት ለቤት ፈተሹ። መሣሪያ ፍለጋ ነበር የመጡት፤ ሥዕሎቹን አገኙ። አንዱ ወታደር ሌላውን ጠራው፤ ሁለቱም ግድግዳው ፊት ቆመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ወረቀቶቹን ገንጥለው እየጠቀለሉ፣ እኔን በጠጉሬ እየጎተቱ ወደ ጦር ሰፈራቸው ወሰዱኝ። አክስቴ መንገድ ላይ ሲከተሉን አንዱ በጫማው ሆዳቸውን ረገጣቸው።

ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው መኮንን ወፍራም ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ከጎኑ የቆመውን አስተርጓሚ ግን ገና ስገባ አወቅሁት። የአባቴ ተማሪ ነበር። ሦስት ዓመት ከጉባኤያቸው ተቀምጧል፤ ቤታችን በልቷል፤ እኔንም እህቴ ይለኝ ነበር። አሁን ካኪ ለብሶ ዓይኔን ላለማየት ወረቀቶቹን ያያል።

መኮንኑ ተናገረ፤ እሱ ተረጎመ። "ይህ ምንድን ነው ይልሻል።"

"ሥዕል ነው።"

"የምን ሥዕል?"

"የቁጥር።"

መኮንኑ በእርሳስ ክቡን እየነካ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና "ክቡ አዲስ አበባ ነው ይላል" አለኝ። "ሠላሳው ነጥብ የጥበቃ ኬላ ነው። መስመር ያልነካቸው ዐሥራ አንዱ ደግሞ ሽፍቶቹ ሾልከው የሚያልፉባቸው። ማን ላከሽ፣ ለማንስ ታቀብያለሽ ይላል።"

ከዚያ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ጨረቃና ስለ ፀሐይ፣ ስለ ዐሥራ አንዱ ቀን፣ ሠላሳው እንዴት እንደሚጣል። አስተርጓሚው ቀስ እያለ ተረጎመ፤ መኮንኑም አላቋረጠኝም። ስጨርስ መሳቢያውን ከፍቶ የቅዱሳን ሥዕል ያለባት ትንሽ የቀን መቁጠሪያ አወጣ።

"የዘመን ስሌት ከሆነ ይህን ንገሪኝ ይላል" አለ አስተርጓሚው። "የሚመጣው ፋሲካ መቼ ይውላል?"

እጄን አንሥቼ በአንጓዬ ቆጠርኩ። እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። "ነነዌ የካቲት ሰባት ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት ይውላል" አልኩ።

መኮንኑ ቀኑን ወደ ራሱ አቆጣጠር አስለውጦ መቁጠሪያዋን ገለጠ። ፈገግ አለ። የእሱ ፋሲካ በሳምንት ይቀድም ነበር፤ በእኛ ሚያዝያ ዘጠኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። "ንገረው" አልኩት አስተርጓሚውን። "የእነሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ ተለያይቶ የሚውልበት ዓመት አለ። አቆጣጠራችን ሌላ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ከአንድ ሰው ነው የተማርነው።"

አስተርጓሚው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ሦስት አራት ቃል ብቻ ተናገረ። እኔ ያን ያህል ተናግሬ የእሱ ሦስት አራት ቃል ብቻ መሆኑን ጣሊያንኛ ባላውቅም አየሁ። መኮንኑ መቁጠሪያዋን ዘግቶ ወደ በሩ ጠቀሰ። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ገባ።

ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጉኝ። ልነጥቅ ስታገል መኮንኑ አስተርጓሚውን አዘዘው፤ እሱም መጥቶ የእጄን አንጓ በሁለት እጁ ያዘ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። "እህቴ፣ አትንቀሳቀሺ፤ የባሰ ይሆናል" አለኝ በሹክሹክታ። ወታደሩ በጠመንጃው ሰደፍ ሦስት ጊዜ መታ። በመጀመሪያው ጮህኩ። ሁለተኛውን አስታውሳለሁ። ሦስተኛውን አላስታውስም።

ስድስት ወር አሰሩኝ። ሃያ የምንሆን ሴቶች ለፈረስ በተሠራ በረት ውስጥ ነበርን። እዚያ ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። አጠገቤ ትተኛ የነበረች አንዲት እርጉዝ ሴት ባሏ የት እንዳለ እንድትናገር ሲደበድቧት ፅንሱ ወረደ፤ እሷም በሁለተኛው ቀን ሞተች። በድርቆሽ ሸፍነናት አንድ ቀን ሙሉ አብራን ቆየች። ሚያዝያ ዘጠኝ ወታደሮቹ በዓላቸውን አከበሩ፤ ጠጥተው ዘፈኑ። ዐሥራ ስድስት ሲሆን ደወሉን ከሩቅ ሰማሁት። ሴቶቹ ተነሥተው ተሳሳሙ። እኔ ያን ቀን በሩን ሳይ ዋልኩ፤ ማንም መጥቶ እውነትሽን ነበር አላለኝም።

በግንቦት ስማችንን ሳይጠሩ በሩን ከፍተው ውጡ አሉን። አክስቴ ወጌሻ አመጡልኝ፤ ወጌሻው እጄን አገላብጦ አይቶ "ዘግይታችኋል" አለ። አውራ ጣቴና ቀለበት ጣቴ በተሰበሩበት ቅርጽ ረግተዋል፤ መሐል ጣቴ ጭራሽ አይታጠፍም።

አክስቴ ወታደሮቹ ጥለውት ከሄዱት ወረቀት አንዲትም እንዳትተርፍ አቃጥለው ነበር። "ልጄ፣ ይህን ነገር እርም በዪ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺታዬ እስከ ሰኔ እንኳ አልቆየም። በግራ እጄ ከሰል መያዝ ተለማመድኩ። መጀመሪያ መስመሩ እንደ ትል ይጠማዘዝ ነበር። በኋላ ገመዱን በሁለት ምስማር ወጥሬ፣ በተሰበረው እጄ ክንድ ተጭኜ ይዤ በግራዬ መሳብ ቻልኩ። ወረቀቱን ትቼ አቡጀዲ ላይ ሣልኩ፤ አልጋ የሚያህል ክብ። ሕጉ ያው የጥንቱ ነው፤ ዐሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሦስት። ቀለሙን ግን በብሩሽ አልቀባም ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልዬ አቡጀዲውን እየደበደብኩ አስገባዋለሁ። አክስቴ ድምፁን ሲሰሙ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ስመታ የማስበው ያን መኮንን አልነበረም። የማስበው የእጄን አንጓ የያዙትን ሁለት እጆች ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ በዐቢይ ጾም መሐል፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ የጣሊያን ባንዲራ ወረደ ተባለ። አርበኞቹም ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ ከእንጦጦ ወረዱ። ሴቱ እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። በማግስቱ ባንዳ መለቀም ተጀመረ። ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ሲወግሩ አየሁ፤ ድንጋዩ ከቆመ በኋላም አንዲት አሮጊት ቀርበው በበትር ይመቱት ነበር።

አክስቴ ቅዳሴ ሄደው ነበር፤ በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ብቻዬን ሙቀጫ ፊት ተቀምጬ ቀይ አፈር እወቅጣለሁ። የጓሮው አጥር ተንኮሻኮሸና አንድ ሰው ዘሎ ገባ። ካኪውን አውልቆ የተቀደደ ጋቢ ለብሷል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ቅንድቡ ላይ ረግቷል። አስተርጓሚው ነበር።

"እህቴ፣ ደብቂኝ" አለ። "ከኋላዬ ናቸው።"

ዘነዘናውን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ልጮህ እችል ነበር። አንዴ ብጮህ በቂ ነበር።

"ያን ቀን ምን አልከው?" አልኩት።

የትኛውን ቀን ነው አላለኝም። "እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፣ ውሸቷን ይሆናል አልኩት" አለ።

"ለምን?"

"ከማን ተማርክ ቢለኝስ? ያንን ስም ብጠራ እኔንም ከአንቺ ጋር..." አልጨረሰውም። "ፈራሁ።"

"እጄንስ?"

"አዘዘኝ።"

ከመንገድ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ገና ሩቅ ነው። "እጅህን እዚህ አድርግ" አልኩት፤ ሙቀጫውን በእግሬ ገፋሁለት። ተንበረከከና ቀኝ እጁን ከሙቀጫው ከንፈር ላይ አኖረ። አልለመነኝም። ጋቢውን ጠቅልሎ ነከሰ። ዘነዘናውን በግራ እጄ ከፍ አድርጌ፣ በቀኝ ክንዴ ደግፌ መታሁት።

አንዴ ነው የመታሁት። አጥንት ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ ከራሴ እጅ አውቀዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ሲመጣም ያው ነው። ሁለተኛ ልመታ አንሥቼ ነበር። እጁን አላነሣም፤ እንደተቀመጠ ነው፤ ጣቶቹ ቀይ አፈር ውስጥ ገብተዋል። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ቀን ደርሶ ዘነዘናውን አጥሩ ሥር ጣልኩት።

ድምፁ ወደ ደጃፋችን ቀረበ። ጋቢውን ይዤ ጎትቼ አስገባሁት። ቤት ውስጥ ያለቀውን አቡጀዲ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቅዬው ነበር፤ ከዚያ ኋላ ገፋሁትና ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

አራት ሰዎች ነበሩ። ከፊት ያለው ጠመንጃ ያነገተ የሰፈራችን ሰው ነው።

"አንድ ባንዳ በዚህ ዘሏል" አለ። "አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ይህ ደም የምንድን ነው?" ሙቀጫውን አሳየኝ።

"ቀለም ነው። ቀይ አፈር።" የተበላሸውን ቀኝ እጄን እንዲያየው አውጥቼ ነበር የምናገረው፤ አስቤ ይሁን ሳላስብ አላውቅም። ሰውየው እጄን አየ፤ አንገቱን አስግጎ ቤት ውስጥ የተሰቀለውን አየ። የሚያጥበረብር ነገር እንዳየ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

"ያ ምንድን ነው?"

"የአባቴ ትምህርት ነው።"

"ነፍሳቸውን ይማር" አለና ወደ ሌሎቹ ዞረ። "የመምህሩ ልጅ ናት። ጣሊያን ምን እንዳደረጋት አታዩም? እሷ ባንዳ አትደብቅም።" ሄዱ።

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰውየው ከአቡጀዲው ኋላ ቁጭ ብሎ እጁን ታቅፎ ነበር። አክስቴ አዩት፤ አወቁት። እጁንም አዩ።

"አንቺ ነሽ የሰበርሽው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አትጨርሺውም? ወይ ለምን አሳልፈሽ አልሰጠሽውም?"

"አላውቅም።"

"ወንድሜ የተቀበረበትን አላውቅም" አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። "ይኼን ግን ቤቴ አስቀምጠሽ አገኘሁት።" ሰውየው ሊናገር አፉን ሲከፍት "አንተ ዝም በል" አሉት። እሳቸውም ጮኸው ሰው አልጠሩም፤ ቢጠሩ እኔም እንደማልተርፍ ያውቃሉ።

ፀሐይ ስትገባ በጓሮ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። ሲወጣ "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለኝ። ወደ ገጠር ወጥቶ መንኩሷል ያሉኝ አሉ፤ ሱሉልታ ሳይደርስ ተይዞ ተገድሏል ያሉኝም አሉ። ለማጣራት አልሞከርኩም።

አክስቴ በማግስቱ ልብሳቸውን ቋጥረው ዘመድ ቤት ገቡ። ክረምቱ እስኪገባ አልተመለሱም። ሲመለሱም አሟቸው ነው እንጂ ይቅር ብለውኝ አልነበረም፤ እስኪሞቱ አስታመምኳቸው፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳንነጋገር ተለያየን። እኔ መሣል አላቆምኩም። ቀለሙን ግን ከዚያ ወዲህ በጨርቅ መደብደብ ትቻለሁ፤ በብሩሽ ነው የምቀባው።

ጠመንጃ አንግቶ የመጣው ጎረቤቴ አሁን ሸምግሏል። ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ለአርበኛ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ "እንዴት አደርሽ፣ የመምህሩ ልጅ?" ይለኛል። አንድ ቀን እውነቱን እነግረዋለሁ እያልኩ ይህን ያህል ዓመት ሄደ። እኔም ጎንበስ ብዬ "እግዚአብሔር ይመስገን" እለዋለሁ፤ እሱም መንገዱን ይቀጥላል።